ኢዞቤል ያልተናገረችው ቃል

አምብሮዝ ቴልራይት፣ ሄስኬት ፕሩት፣ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ጋርሳይድ። መሥፈርቱን የተከሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ቴልራይት የድርሰት ክፍሉ ኃላፊ በነበሩበት ዘመን፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የሚናገረው ዓረፍተ ነገር እንኳ አጥንቱ ካልጸና ጽሑፉን በቀይ እርሳስ ሰርዘው ለደራሲው ይመልሱ ነበር። አዘጋጁ ፕሩት ቃሉን አጥንቶ ያልመጣን ተዋናይ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ቤቱ ይሸኙት ነበር። ወይዘሮ ጋርሳይድ ደግሞ የጎማ ጭምብል ሲሠሩ፣ ካሜራ ፈጽሞ የማያየውን የማጅራት ቅርፊት ሳይቀር አንድ በአንድ ይቀቡ ነበር፤ ለምን ይደክማሉ ላላቸው ሰው፣ «ለባሹ ያውቀዋል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ሦስቱም ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ክሌመንት ቶርሊ ግን በየማለዳው ጢሙን ሲላጭ ስማቸውን እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ከደገመም በኋላ ክራባቱን ያስራል፤ የሚሄድበት ቢኖርም ባይኖርም።

ክሌመንት ሥራ የጀመረው በሰሜን እንግሊዝ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ቲያትር ቤት ነበር። ለንደን ሲመጣ ቁመቱ ዕጣውን ወሰነለት። የቅዳሜ ምሽት ተከታታይ ድራማ የሆነው «የሩቁ ዘብ» በሰማይ ጫፍ ዘብ ስለሚቆሙ ወታደሮች የሚተርክ ነበርና፣ በየሳምንቱ የሚዋጋቸው አውሬ ያሻው ነበር። ክሌመንት የረግረግ ጭራቅ ሆነ፤ የድንጋይ ሰው ሆነ፤ የጉንዳኖች ንጉሥም ሆኖ ነገሠ። ሌሎች የጻፉለትን ማጓራት ሲታክተው ራሱ ብዕር አነሣ፤ የሰው ጊዜ የሚሰርቀውን ሰዓት ሠሪ ጻፈ፤ በሽተኞቹን የሚወድ ደም መጣጭ ሐኪም ጻፈ። በትልልቁ መድረክ የነገሥታትን ታሪክ የሚጫወቱ ባልንጀሮቹ በመጠጥ ቤት ሲያገኙት ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፣ ዛሬም በአውሬነትህ ነህ ወይ ይሉት ነበር። እሱም ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ አውሬውም ቃሉን ያጠናል ብሎ ይመልስላቸው ነበር።

ፊቱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የድራማው ወዳጆች በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሲሰበሰቡ ይጠሩታል፤ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ የሚፈርምላቸውም የራሱ ገጽ በማይታይበት ፎቶግራፍ ላይ ነው። ይህ ቅር አሰኝቶት አያውቅም። ቅር ያሰኘው ሌላ ነገር ነው፤ ከሠራውና ከጻፈው ሁሉ በዓይኑ ሊያየው የናፈቀው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም ሊያሳየው አይችልም።

የክፍሉ ርእስ «የሰጠመችው ፀሐይ» ይባላል። በሰማይ መርከቧ ውስጥ አንዲት ሐኪም አለች። ባሏ በሩቅ ዓለም ጠፍቶ ከብዙ ዓመት በኋላ መልኩ ተለውጦ፣ ቅርፊት አብቅሎ፣ ንግግር አጥቶ በሰንሰለት ታስሮ ይቀርባል። አዛዡ፣ «ይህን ፍጡር ታውቂዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። አውቀዋለሁ ካለች መርከቧ በሙሉ እንደ ተበከለች ይቈጠራል። ስለዚህ ሐኪሟ፣ «አላውቀውም» ትላለች። አውሬው ይወሰዳል። ክሌመንት ያችን አንዲት ቃል ለማግኘት ክረምቱን ሙሉ ደክሟል። ቴልራይት ጽሑፉን ሲመልሱለት በቀይ እርሳስ የተነካ ምንም አልነበረም።

አውሬውን ራሱ ሊጫወት ጠየቀ፤ ለሐኪሟም ሚና ተዋናይቷ ኢዞቤል ካሩ እንድትመረጥ ለመነ። ይወዳት ነበር። በወረቀት ላይ ደፋር ነበር እንጂ በአንደበቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ሊነግራት የፈለገውን ሁሉ ለአንድ ዲዳ አውሬ ሰጠው።

ወይዘሮ ጋርሳይድ ያንን ጭምብል ሲሠሩ የራሳቸውን ሥራ በለጡ፤ አንድ ነገር ግን ሊያደርጉለት አልቻሉም። የአውሬው ዓይኖች የመስታወት ስለ ነበሩ፣ ለባሹ የሚያየው በአገጩ ሥር በተከፈተች ስንጥቅ ነበር፤ እሷም የራሱን እግርና ወለሉ ላይ የተሠመረውን ምልክት ብቻ ታሳየው ነበር። አካሉ እንደ ፍራሽ በወፈረ ስፖንጅ ተሞልቶ በላዩ ጎማ ለብሷል፤ በመብራት እንዲያብለጨልጭም ቀረጻው ሊጀመር ሲል በውሃ ያርሱታል። ክሌመንት ወደ አዛዡ ፊት ተጎትቶ ቀረበ። ጥያቄው ሲጠየቅ ሰማ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞታል፤ የመጣው ዝምታ ነበርና። ሰው ሻይ ቀድቶ፣ ወተት ጨምሮ፣ አማስሎ ሊጨርስ የሚችልበት ያህል ረጅም ዝምታ። በገዛ ትንፋሹ ታፍኖ፣ በላብ ተጠምቆ ጠበቀ። ኢዞቤል ቃሉን አልተናገረችም። በመጨረሻ አዛዡን የሚጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ነገሩ እንዳይበላሽ፣ «ውሰዱት» አለና ቀጠለ። ያን ጊዜ ቀረጻን አቋርጦ እንደገና መጀመር እንደ ቅንጦት ይቈጠር ነበር፤ የተቀረጸው እንደ ተቀረጸ ለሕዝብ ይቀርባል።

ጭምብሉን ሲያወልቁለት ኢዞቤል ከስፍራው ሄዳለች። በኋላ ከመንገዱ ማዶ ባለው መጠጥ ቤት አገኛት። ስለ ዝምታው ሊጠይቃት ፈለገ፤ አልቻለም። ደራሲ ተዋናይትን ቃሌን ረሳሽው ወይ ብሎ መጠየቁ ስድብ ነው። አልረሳሁትም ብትለው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚበቃ ድፍረት አልነበረውም። ስለዚህ ጥሩ ሠራሽ ብቻ አላት። እሷም ብርጭቆዋን በጣቷ እያዞረች፣ «ቅዳሜ ታየዋለህ። ያኔ ትነግረኛለህ» አለችው።

ቅዳሜ ሊድስ ከተማ ላይ መድረክ ነበረው። በየቤቱ ቴሌቪዥን ሲበራ እሱ በሌላ ሰው ተውኔት ውስጥ የአልኮል ነጋዴ ሆኖ ይሥቅ ነበር። ለበጋ ይደገማል ብሎ ተጽናና። አልተደገመም። በዚያ ዘመን ቴፕ ውድ ነበርና፣ ጣቢያው አንዱን ሥራ አጥፍቶ ሌላውን በላዩ መቅረጽ ልማዱ ነበር፤ በ«የሰጠመችው ፀሐይ» ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ተቀረጸበት። እንዳላየው ለኢዞቤል የነገራት ዕለት፣ ጓንቷን ጣት በጣት እያስተካከለች፣ «እንግዲህ አለፈ» ብላ አውቶቡሷን ጠበቀች። በዓመቱ ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር ወደ ካናዳ ተሻገረች፤ እዚያው አገባች፤ እዚያው አረጀች። ክሌመንት ማረፏን ያነበበው ከሁለት ክረምት በፊት በጋዜጣ ነው።

ያን ቅዳሜ ያዩትን ሰዎች ባገኛቸው ቁጥር ሐኪሟ ምን አደረገች ብሎ ይጠይቃቸዋል። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አለቀሰች አለው። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ጀርባዋን ሰጠችው አለችው። ሌላው ደግሞ ፈገግ ብላለች ብሎ ማለለት። ሁሉም ያን ጊዜ ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም በትክክል የሚያስታውሱት አውሬውን ነው።

ነገሩ በዚህ ሳለ ሮድሪ ሞስቲን መጣ። ሮድሪ ገና አርባ ያልሞላው የካርዲፍ ሰው ሲሆን፣ እሱ ከመወለዱ በፊት ስለ ተሠራው ስለ «የሩቁ ዘብ» ከሠሩት ሰዎች ይልቅ ያውቃል፤ ወፍራም መጽሐፍም ጽፎበታል። በስዋንሲ ከተማ አንዲት ልጅ ያን ምሽት ማይክሮፎኗን ከቴሌቪዥኑ ፊት አቁማ የክፍሉን ድምፅ በቴፕ ይዛው ኖሮ፣ ዛሬ አያት ከሆነች በኋላ ጓዳዋን ስታጸዳ አገኘችው። ምስሉ ጠፍቷል፤ ድምፁ ግን ተርፏል። የሮድሪ ድርጅት በድምፁ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሠርቶ ክፍሉን ከሞት ሊያስነሣ ተነሣ። ሥራው ገና ሳያልቅ፣ ባለፈው መኸር በሆቴሉ አዳራሽ ሮድሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ዝምታው ተናገረ። ቀልድ ያውቃል። ኢዞቤል ካሩ ቃሏን ረስታ በዓይኗ ጣሪያውን ስታስስ እንዴት እንደ ነበረች በፊቱ አሳየ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ክሌመንት በፊተኛው ረድፍ ክራባቱን አስሮ ተቀምጦ ነበር።

የሮድሪ ክርክር ግን ከንቱ ቀልድ አልነበረም፤ ክሌመንትን ያቆሰለውም ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ከካሜራዎቹ ኋላ ጽሑፉን ይዛ የምትከታተል አስታዋሽ ነበረች። ተዋናይ ቃሉን ከረሳ አስታዋሿ በእጇ ያለውን ቁልፍ ትጫናለች፤ የስቱዲዮው ድምፅ በሙሉ ይቈረጣል፤ የተረሳውን ቃል ጮክ ብላ ትነግረዋለች፤ ከዚያም ቁልፉን ትለቀዋለች። በቤቱ የተቀመጠው ተመልካች የሚሰማው ድንገተኛ ጭርታ ብቻ ነው። ሮድሪ ያገኘውም እንዲህ ያለውን ጭርታ ነበር።

ክሌመንት ወደ ካርዲፍ የተጠራው ከፊልሙ በፊት የሚቀርብ አጭር ንግግር እንዲያሰማ ነው። ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ወንበሮች፣ ስክሪንና ብዙ ቁልፎች ያሉት ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው የድምፅ ባለሙያዋ ብሮንዌን የአውቶቡስ ሹፌሩንም፣ አለቃዋንም፣ የማታውቀውንም ሰው «የኔ ቆንጆ» ብላ የምትጠራ ሴት ናት። ሻይ አቀረበችለትና ክራባቱን አየች።

«ለሬዲዮ የሚሆን ክራባት ነው ያሰሩት፣ የኔ ቆንጆ» አለችው። «ድምፅ ብቻ ነው እኮ የምንቀዳው።»

«ድምፄ ያውቀዋል» አለ ክሌመንት።

ብሮንዌን ሣቀች፤ ወደደችው። ሮድሪ ግን ቸኩሎ ነበር፤ አስቀድሞ የሚያስደስትዎትን ነገር ላሳይዎት አለና መብራቱን ቀነሰ። በስክሪኑ ላይ አውሬው በሰንሰለት ቀረበ። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ የማጅራቱን ቅርፊት እንኳ አልረሱትም። ቀጥሎ ኢዞቤል ተሥላ ታየች፤ ጉንጯ፣ ያ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ቅንድቧ። አዛዡ ጥያቄውን ጠየቀ። የተሣለችው ሴት ከንፈሯን አላቀቀችና፣ «አላውቀውም» አለች።

ክሌመንት የሻዩን ስኒ ወደ ማስቀመጫው መለሰ።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?»

ሮድሪ ድምፅዋ ከኢዞቤል ጋር የሚመሳሰል ተዋናይት ፈልጎ እንዳስቀዳ ነገረው። ከዚያም እንደ ስጦታ አድርጎ፣ «የእርስዎን ቃል ነው የመለስንልዎ፣ ሚስተር ቶርሊ» አለው። «እንደ ጻፉት። እርስዎ አይደሉም እንዴ ቃሌ አይነካብኝ ሲሉ የኖሩት?»

እውነት ነበር። ክሌመንት በተዋናይነትም በደራሲነትም ያደረው በዚህ ሕግ ነው። የተጻፈው ይነገራል። ቴልራይት በሕይወት ቢኖሩ ለሮድሪ ይፈርዱለት ነበር፤ ፕሩትም ይፈርዱለት ነበር። አሁን አሜን ብሎ ቢቀመጥ ያች ክረምቱን ሙሉ የደከመባት ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ትሰማለች። ከዚያ በኋላም የሚያይ ሁሉ ኢዞቤል እሱን ስትክደው ያያል፤ እስከ ወዲያኛው።

«ዝምታውን መልሰው» አለ።

ሮድሪ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቢመልሰውም ምን እንደሚሥልበት እንደማያውቅ ቀስ ብሎ አስረዳው። እዚያ የነበረው ክሌመንት ነው፤ ፊት ለፊቷ የቆመው እሱ ነው፤ ምን እንዳደረገች ይንገረውና ያንኑ ይሥላል።

«አላየሁም» አለ ክሌመንት። «የማየው እግሬን ብቻ ነበር።»

«ቅዳሜስ?»

«ሊድስ ነበርኩ።»

ብሮንዌን ዞር ብላ የማያስፈልግ ገመድ ጠቀለለች።

«እንግዲያውስ የሚያውቀው ቴፑ ብቻ ነው» አለ ሮድሪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቴፑ ደግሞ ረስታለች ነው የሚለው። ይስሙት።»

አሰማው። የአዛዡ ጥያቄ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ድምፅ የሚባል ነገር ሁሉ ጠፋ፤ የተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ጆሮ እንደ ማስገባት ያለ ነገር ሆነ። ከዚያ፣ «ውሰዱት»። ክሌመንት ያንን ቁልፍ ያውቀዋል፤ በወጣትነቱ ሁለት ባልንጀሮቹ ቃል ጠፍቷቸው ሲቈረጥ በቤቱ ሆኖ ሰምቶ አፍሮላቸዋል። ይኸው ነው። ኢዞቤል ረስታ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ፍርድ ተንጠልጥሎ የኖረ ነገር በውስጡ ወደ መሬት ሲወርድ ተሰማው፤ ሕመሙም እንዳሰበው አልነበረም፤ እንደ ድካም ያለ ነበር። ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። ንግግሩን ልቅዳና ልሂድ ሊል አፉን ከፈተ።

ግን ባርኔጣውን እንደ ያዘ ቆመ።

«ልጅቷ ማይክሮፎኑን ከቴሌቪዥኑ ፊት አቆመችው ብለኸኝ ነበር።»

«አዎን።»

«ቤቷ ውስጥ።»

«ሳሎን ውስጥ። ለምን?»

«አስታዋሿ የምትቈርጠው የእኛን ስቱዲዮ ነው» አለ ክሌመንት፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ። «የስዋንሲን ሳሎን ማን ቈረጠው?»

መልሱን የሰጠችው ብሮንዌን ናት። «እኔ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለች። «ድምፁን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ሰዓት አለ፤ ውሻ አለ፤ እናትየዋ ከኩሽና ትጣራለች። ሁሉንም ጠረግኩት።»

«ያልተጠረገውን አሰሚኝ።»

ሮድሪ ያልተጠረገውንም እንዳዳመጠ፣ ከጫጫታ በቀር የረባ ነገር እንደሌለበት ተናገረ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልጸናም። ብሮንዌን እሱን አልጠበቀችም። ቁልፍ ነካች፤ ክፍሏም በአንዴ በሌላ ሰው ቤት ተሞላች። የግድግዳ ሰዓት ይቈጥራል። ውሻ ራሱን ሲያራግፍ የአንገቱ ሰንሰለት ይንጫጫል። ሩቅ የሆነች ሴት፣ ባቄላው ሊቀዘቅዝ ነው ትላለች። በዚህ ሁሉ መሐል አዛዡ ጠየቀ፤ ዝምታውም መጣ፤ ሰዓቱ መቁጠሩን ቀጠለ። ከሰዓቱ ሥር ደግሞ አንድ የሚሳብ፣ የሚያፏጭ፣ የሚመለስ ነገር ነበር።

«ውሻው ነው» አለ ሮድሪ።

«ውሻ ቤታችን ሦስት አለ» አለች ብሮንዌን። «እንዲህ የሚተነፍስ ውሻ ካለህ ሐኪም ጋ ውሰደው።»

ክሌመንት ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ አፍንጫውንና አፉን ሸፈነ፤ በዚያ ዘመን በአውሬው ጉሮሮ በተቀበረችው ቱቦ ይተነፍስ እንደ ነበረው አድርጎ ሳበ፤ አወጣ። የሚያፏጨው ድምፅ ከቴፑና ከመዳፎቹ እኩል ወጣ። በቴፑ ላይ ያለው የወጣት ሳንባ ነበር፤ የአሁኑ ይንቀጠቀጣል፤ ልማዱ ግን አንድ ነው፤ ረጅም መሳብ፣ በመሐል ቆም፣ ከዚያ መልቀቅ። ብሮንዌን እጇን ከቁልፉ አነሣች።

ትንፋሹ በዝምታው ሁሉ ውስጥ አልተቋረጠም። እንግዲህ የስቱዲዮው ድምፅ አልተቈረጠም ነበር። አስታዋሿ ቁልፉን አልነካችም። ማንም ለኢዞቤል ቃል አልነገራትም፤ ቃል የጠፋባትም መስሎ የታየው ሰው አልነበረም።

«እስቲ እንደገና» አለ ሮድሪ። አሁን ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ ነበር። ብሮንዌን ሰዓቱን በጥንቃቄ ዝቅ አደረገችው፤ ውሻውን አራቀችው፤ ሌላውን እንዳለ ተወችው። እንደገና ትንፋሹ። ከዚያ፣ ከዚህ በፊት በሰዓቱ ምት የተሸፈነ፣ የእንጨት ወለል ላይ የሚያርፍ የሴት ጫማ ተረከዝ። ቀርቦ ያርፋል። ቆም ይላል። ከዚያም አንድ አጭር፣ ቀጭን፣ የሚንሸራተት ጩኸት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ብሮንዌን። «በር ነው?»

ያንን ድምፅ ከክሌመንት በተሻለ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልቀረም። አልባሾቹ ክንዱን ይዘው ወደ ቦታው በመሩት ቁጥር ሰምቶታል፤ እንዳይወድቅ በደገፉት ቁጥር ሰምቶታል። የሰው መዳፍ በራሰ ጎማ ላይ ሲያርፍ የሚሰማ ድምፅ ነው። በጭምብሉ ውስጥ የገዛ ትንፋሹ ጆሮውን ሞልቶት ነበርና አልሰማውም፤ ስፖንጁም ወፍራም ነበርና አልተሰማውም። ምልክቷን ትታ፣ በካሜራ ፊት ያልተጻፈላትን መንገድ ሄዳ፣ መጥታ ነበር። እሱ እግሩን እያየ ቃሉን ይጠብቅ ነበር።

ቀኝ እጁ ሳያውቀው ወደ ደረቱ ሄዶ፣ ከክራባቱ ጎን፣ በግራ በኩል አረፈ። ሮድሪ ይህን አየ። ከእጁ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑም ወደ እጁ ተመለከተ።

«ነካችዎት» አለ።

«አላወቅሁም» አለ ክሌመንት። «ጎማው እንደ ፍራሽ ነበር፣ ልጄ። አላወቅሁም።»

ብሮንዌን ቴፑን አቆመች። የስዋንሲው ቤት ከክፍሏ ወጥቶ ሄደ። በመተላለፊያው ሰዎች ስለ ምሳ እየተነጋገሩ አለፉ። ክሌመንት የ«ቅዳሜ ታየዋለህ» ትርጉም አሁን ገና ገብቶት፣ መልሱን የሚቀበለው ሰው የት እንዳለ እንደማያውቅ መልእክተኛ ቆመ። ይነግራት ዘንድ ጠብቃው ነበር። አንድ ዓመት ጠብቃው ነበር። ከሁሉ የከበደውም ይህ ነው፤ ናፍቆቱ ለካ ብቻውን አልነበረም፤ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ቤት፣ በጓንት የተሸፈነች አንዲት እጅም ያን ጎማ ታስታውስ ኖሯል።

ሲናገር የድሮው የስቱዲዮ ድምፁ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ የማይለምን።

«ቃሌን አውጣው» አለ።

«የእርስዎን?»

«አላውቀውም የሚለውን። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ ነኝ የማወጣው። የሷ ይሻላል።»

ሮድሪ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ የወጣቷን ተዋናይት ድምፅ ራሱ አጠፋው። ከዚያ በስክሪኑ ላይ የቆመውን የኢዞቤልን ሥዕል ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ፤ የምታስቅ ሴት አድርጎ ለአዳራሽ ያሳያትን፣ ዓይኖቿ ወደ ጣሪያ ያላንጋጠጡትን ሴት። ፊቷን እንደማይሥል ተናገረ፤ ማንም በትክክል የማያስታውሰውን ፊት ለመሣል መብት የለውም። ከኋላዋ ሆኖ ጀርባዋን፣ ወደ አውሬው የሚዘረጋ ክንዷንና በቅርፊቱ ላይ የሚያርፍ መዳፏን ብቻ ይሥላል፤ ትንፋሹንም እንዳለ ይተወዋል። ክሌመንት ራሱን በመነቅነቅ ፈቀደ፤ ባርኔጣውንም አነሣ፤ ንግግሩን ዛሬ ሊቀዳ እንደማይችል፣ ሌላ ቀን እንደሚመጣ በትሕትና አስታወቀ።

ሮድሪ በሩን ሊከፍትለት ቀደመ፤ ነገር ግን እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ አልከፈተውም። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«በመጽሐፌ ረስታለች ብዬ ጽፌአለሁ» አለ። «ይባስ ብዬ እርስዎ ፊት ተቀምጠው ሳለ ሰው አስቄባታለሁ። በመጪው መኸር እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው መድረክ ላይ ወጥቼ እናገረዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለእርስዎ ልንገርዎ። ተሳስቻለሁ፣ ሚስተር ቶርሊ።»